በእናቴ የቀናሁባት ሴት

ሴት በባሏ ስትቀና ጎረቤት ያማታል፣ ሽማግሌ ይገላግላታል፤ የተለመደ ነው። በእናቷ የምትቀና የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ግን ለማን ትናገራለች? እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ቅናቴን ፍቅር ነው እያልኩ ራሴን እየሸነገልኩ ኖርኩ። ኋላ ግን በሦስት ቀን ውስጥ እናቴን በገዛ እጄ ልገድላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ እነዚያን ሦስት ቀናት ነው።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ወሎ ነው። ለወላጆቼ በስተርጅና የተገኘሁ ብቸኛ ልጅ ነኝ። በድርቁ ዘመን በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ አገሩን ሳይለምደው በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደው። እናቴ፣ ወይዘሮ ታየች፣ ብቻዋን ቀረች፤ በማታውቀው አፈር ላይ ማሽላ ዘርታ፣ ዶሮ አርብታ፣ አሶሳ ከተማ ቤት ተከራይታልኝ አስተማረችኝ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ታይፕ ተማርኩ። ወዲያው ደግሞ ክልሉ ተቋቋመና ሠራተኛ ተፈለገ።

ያን ጊዜ አሶሳ ሁሉ ነገሯ አዲስ ነበር። ቢሮአችን ከወንበሩ በፊት ማኅተሙ ነው የደረሰለት። የታይፕ መኪናዬን በእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ሌላ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ስጽፍ እውል ነበር። ከየአገሩ የተመደቡ ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ደብዳቤው ግን ሁሉም በእኔ ጣት ያልፋል። «ዘውድነሽ ከሌለች ክልሉ አይቆምም» ብለው ሲቀልዱብኝ እውነት እየመሰለኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

እናቴ የቀረችው በሰፈራ መንደራችን ነው፤ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። አብረን እንኑር ብዬ ለምኛት ነበር።

«ከተማ ገብቼ በር ዘግቼ ልቀመጥ? እዚህ ጓሮ አለኝ፣ ሰው አለኝ። ተይኝ እቴ!» አለችኝ።

በመጀመሪያው ዓመት በየቅዳሜው እሄድ ነበር። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆነ። ከዚያ በወር አንዴ። በሄድኩ ቁጥር ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ካርቶን ብስኩት ይዤ እሄዳለሁ፤ እናቴ ከድሮም ጣፋጭ ሻይ ነፍሷ ነው። ስኳሩን ሳስረክባት የልጅነት ዕዳዬን የከፈልኩ ይመስለኝና ቀልሎኝ እመለሳለሁ።

«ሰው አለኝ» ያለችው ሐዋን ነው። ሐዋ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብትበልጥ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ነው። ቀዬዋ ከሰፈራው መንደር አጠገብ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ውሃ ሲቀዱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የሐዋ የራሷ እናት ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆኗል። ሐዋ የእናቴን እንስራ ተሸከመችላት፤ በማግስቱም ተሸከመችላት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤተኛ ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ስደርስ እናቴ በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሐዋ እግሯ ሥር ተንበርክካ፣ የእናቴን ተረከዝና ጥፍር እንሶስላ ትቀባለች። ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ በወጉ በማላውቀው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለችና ሐዋ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። ቆሜ አየኋቸው። እናቴ እንዲያ ስትስቅ ያየኋት መቼ ነው ብዬ ባስብ አልመጣልሽ አለኝ።

«ምን ብለሽ ነው ያሳቅሻት?» አልኳት።

«ተይው፤ በአማርኛ አይጥምም» አለችኝ።

ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ይታየኝ ጀመር። እናቴ እኔን «ዘውዴ» ነው የምትለኝ፤ እሷን «ሐዋዬ» ትላታለች። እኔ የምበጠብጥላትን በሶ ቀምሳ ታስቀምጣለች፤ የሐዋን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ግን ጣቷን እየላሰች ትበላለች። በሐዋ ቀዬ ሽማግሌ ብቻውን አይበላም፤ ልጅም ይሁን ጎረቤት አንድ ሰው ከትሪው ፊት ሊቀመጥ ግድ ነው። ስለዚህ ሐዋ ሳህኑን አቀብላ አትሄድም፤ ተቀምጣ አብራ ትበላለች። እናቴም ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች፤ እኔ በወር አንዴ የምመጣዋን ግን አትጠብቀኝም።

ከሁሉ የባሰው የስኳሩ ነገር ነው። አንድ ቀን የሐዋን ልጆች መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ እኔ የገዛሁትን ብስኩት እየበሉ ነው። ወደ ሐዋ ቤት አየት ባደርግ የእኔ የስኳር ከረጢት ከነቋጠሮዬ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። እየተቃጠልኩ እናቴን ጠየቅኋት።

«ለእሷ ሰጠኋት፤ ልጆች አሏት» አለችኝ ፊቷን አዙራ።

«እኔ ላንቺ ብዬ ተሸክሜ የመጣሁትን?»

«ከሰጠሽኝ በኋላ የእኔ አይደለም እንዴ?»

መንገዱን ሙሉ ግን ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድኩ። ይቺ ሴት እናቴን የምትወደው ለስኳሬ ነው አልኩ። እንዲያ ብዬ ማመን እንዴት እንዳሳረፈኝ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ክረምት ገብቶ፣ ሐሙስ ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ዘበኛው መጣ። «ዘውድነሽ፣ እናትሽን በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት አምጥተዋቸዋል» አለኝ። ወረቀቱን ከመኪናው ሳልነቅል ወጥቼ በጭቃው ሮጥኩ።

እናቴ ከሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ቃሬዛው ላይ ተኝታለች። ራሷ በሐዋ ጭን ላይ ነው። ሐዋ የራሷን ሻሽ አውልቃ የእናቴን ላብ ትጠርጋለች። አራት ወንዶች፣ የሐዋ ወንድሞችና ዘመዶች፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በዝናብ ተሸክመዋት ነው የመጡት።

እውነቱን ልናገር ተነስቻለሁና ልንገራችሁ። ያን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አይደለም፤ ፍርሃትም አይደለም። ያ ጭን የእኔ ጭን መሆን ነበረበት የሚል ቅናት ነው።

«ዘውዴ» አለች ሐዋ ቀና ብላ። «እማማ ታሞ። ጠዋት ሄድኩ፣ መሬት ወድቆ አገኘሁ። ሰው አያውቅም።»

«እሺ፣ አሁን እኔ መጥቻለሁ» አልኩና የእናቴን ራስ ከጭኗ ላይ አንስቼ ወደራሴ ሳብኩት። ሐዋ እጇን በአየር ላይ እንደዘረጋች ቀረች።

ወደ ምርመራ ክፍል ሲያስገቧት ሐዋ ተከተለች። «እኔ ለሐኪም ይነግራል» አለችኝ።

«አንቺ ውጭ ጠብቂ። የቤተሰብ ነገር ነው» አልኩና በሩን ዘጋሁ።

ሐኪሙ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጠን ያለና ረጋ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። ሙቀቷን ለካ፣ ለወባ ደም አስወሰደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ምናቸው ነሽ?» አለኝ።

«ልጃቸው ነኝ። ብቸኛ ልጃቸው።»

«የቆየ በሽታ አለባቸው? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለባትም፣ ዶክተር። ቢኖርባትማ ከእኔ ይደበቃል? እኔ እኮ ልጇ ነኝ።»

ሐኪሙ የነገርኩትን ጻፈ። ያቺ «ምንም የለም» የምትለዋ ቃል በወረቀቱ ላይ ስትሰፍር በዓይኔ አየኋት፤ በሙያዬ ስንት ቃል ወረቀት ላይ አሳርፌአለሁ፣ እንደዚያች የከበደኝ ግን ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ የለም። የደሙ ውጤት ሲመጣ ወባው ተገኘ። መድኃኒት ጀመሩላት፣ አልጋ ሰጧት፣ አንድ አስታማሚ ብቻ ይቆይ ተባለ።

«እኔ ነኝ የምቆየው» አልኩ።

ሐዋን ልሸኛት እስከ ግቢው በር ወጣሁ። ልሸኛት ነው የምለው ለአፌ ነው፤ መውጣቷን ላረጋግጥ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዘውዴ፣ ስሚ። ሱከሪ… እማማ ሱከሪ…»

ሐዋ ስትጨነቅ አማርኛዋ ላይ ዓረብኛ ይቀላቀልባታል። እኔ የሰማሁት ስኳር የሚለውን ነው። እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ይቺ ሴት ስኳሯን ታስባለች አልኩ በሆዴ።

«ስኳር ገዝተናል! ሞልቷል!» ብዬ ጮህኩባት። «አሁን ሂጂልኝ!»

በበሩ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ሐዋ ሻሿን ጠምጥማ በዝናቡ ውስጥ ሄደች።

እኔም በእልህ ሄጄ ስኳር ገዛሁ። አመሻሹ ላይ እናቴ አንገቷን ቀና ስታደርግ በአራት ማንኪያ ያጣፈጥኩትን ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ብታምኑም ባታምኑም፣ ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች! ላቧ ደረቀ፤ «ዘውዴ፣ መቼ መጣሽ?» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። የእኔ እጅ፣ የልጇ እጅ አዳናት ብዬ ጎረቤት አልጋ ላይ ላሉት ሁሉ ነገርኩ። ልብሷን ስቀይርላት ግን አንድ ነገር አስገረመኝ፤ መቀነቷን ልፈታ ስል እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ «እሱን ተይው» አለችኝ። የአሮጊት ልማድ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ዓርብ፣ ረፋዱ ላይ እናቴ እንደገና ደከመች። ምግብ አስጠላት። ወባ እንዲህ ነው፣ ይመለሳል ብዬ ተጽናናሁ። እኩለ ቀን ላይ የበሩ ዘበኛ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ይዞ መጣ።

«ያቺ የትናንቷ ሴት ናት። ትግባ ወይ?»

ጨርቁን ገለጥ አደረግሁት። የማሽላ ገንፎ ነው፤ ገና ለብ ይላል። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች ማለት ነው።

«አትግባ» አልኩት። «በሽተኛዋን ታስቸግርብኛለች። ነገም ብትመጣ እንዳታስገባት።»

ገንፎውን ከጎናችን ለነበሩ አስታማሚዎች ሰጠኋቸው። እናቴ ዓይኗን ሳትከፍት አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገችና፣ «ሐዋ አልመጣችም?» አለች።

«አልመጣችም» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። ከዚህ የከፋ ውሸት ግን አላስታውስም። እናቴ «አይ…» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። አመሻሹ ላይ ሻይ ሳጠጣት ደግሞ ትንሽ ነቃች፤ እኔም ልክ ነኝ ማለቴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እናቴ ልብሱ እስኪርስ ድረስ አላባት። እጇ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን የሚያይ አይመስልም። እጄን ስይዛት ፊቷ ፈካ አለ።

«ሐዋዬ» አለችኝ። «መጣሽልኝ?»

እኔ አይደለሁም ልል ነበር። ግን እጇን አልለቀቅኩም።

«ሐዋዬ፣ ያን ነገር ለዘውዴ እንዳትነግሪያት። አደራ! ትደነግጣለች። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ያቺ ልጄ የመንግሥት ሰው ናት፤ ለእኔ ጊዜ የላትም፤ አልፈርድባትም። አንቺ አለሽኝ፣ ይበቃኛል።»

ወገኖቼ፣ ሰው ሞቶ እናቱ ስለሱ የምትናገረውን ቢሰማ እንዲህ ይሆን ይሆናል። በቁሜ ተቀበርኩ። ከቅናቱ ሥር ግን አንድ ሌላ ነገር ቀዘቀዘኝ። ያን ነገር? ምን ነገር?

«ምኑን ነው የማልነግራት፣ እማ?» አልኳት በሐዋ ድምፅ ለመናገር እየሞከርኩ። «ንገሪኝ፣ ምኑን?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃል አልወጣም። ዓይኗ ተገለበጠ።

«ዶክተር! ዶክተር!» ብዬ ጮህኩና ነርሷ ስትሮጥ እኔ ወደ በሩ በረርኩ።

«ያቺ ሴት መጥታ ነበር?» አልኩት ዘበኛውን።

«አሁን ከደቂቃዎች በፊት። እንዳትገባ ስላልሽኝ መለስኳት። ወደ ገበያ ሄደች።»

ቅዳሜ የአሶሳ ገበያ ቀን ነው። በጭቃው ውስጥ ሰውና አህያ ተደበላልቆ፣ የቀርከሃ ቡቃያ የሚሸጡ ሴቶች፣ ከባምባሲ የመጡ ቡና ሻጮች፣ ጨርቅ የዘረጉ ነጋዴዎች ሞልተዋል። «ሐዋ! ሐዋ!» እያልኩ ስሮጥ ሰው እብድ ነች ብሎ ይሸሸኛል። ስንቷ ሐዋ ዞራ አየችኝ። የእኔዋን ያገኘኋት ከገበያው ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ዘበኛው የመለሰላትን የትናንቱን ባዶ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሳችም።

«ሐዋ፣ እናቴ ከእኔ የደበቀችው ምንድነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ ነግሮሻል» አለች። «በር ላይ ነግሮሻል። ሱከሪ አልኩ። አንቺ ስኳር ገዛን አልሽ።»

«ሱከሪ ምንድነው?»

«ስኳር በሽታ!» ብላ ጮኸች። «ወላሂ፣ ስኳር በሽታ! የእኔ እናት በሱ ሞተ። እግሩ ቆስሎ፣ እኛ አናውቅም፣ ሞተ። እማማ ውሃ ብዙ ሲጠጣ፣ ብዙ ሽንት ሲሄድ እኔ አወቅሁ። ዓምና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ኪኒን አለው። መቀነት ውስጥ ቋጥሮ ይዞ ነው። ጠዋት ጠዋት ይውጣል። ምግብ ሳይበላ ከዋጠ ይወድቃል። ለዚህ ነው እኔ ገንፎ የሚያመጣ፣ ተቀምጦ የሚያየው!»

መቀነቷን ስታጠብቅ ታየኝ። ጣፋጩ ሻይ ለምን እንዳነቃት፣ እኔ ዞር ስል ኪኒኗን እየዋጠች ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምትደክም፣ እኔ የምወስድላትን ስኳር ለምን እንደምትሰጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሴ ላይ ወረደ። ለእናቴ ፍቅሬ ነው ብዬ የተሸከምኩት መርዝ ነበር። እሷ ደግሞ እንዳይከፋኝ ተቀብላኝ፣ ወደማይጎዳበት ቤት ታሻግረው ነበር።

«ተነሺ» አልኳት። «በፈጠረሽ ተነሺ፣ እየሞተችብኝ ነው።»

ሳህኑን ጥላ ተነሳች። እጅ ለእጅ ተያይዘን ይሁን ተጎታትተን አላውቅም፣ ያን ገበያ ሰንጥቀን ሮጥን።

ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ነበር። ሐዋ ገና ከበሩ ጀምራ ነገረችው። ሄዳ መቀነቱን ፈታች፤ ከጫፉ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቋጠሮ አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ነጫጭ ኪኒኖች። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አየውና «ግሉኮስ! ቶሎ!» አለ። ደም ሥሯን ሲፈልግ ሐዋ ክንዷን ያዘች፣ እኔ እግሯን ያዝኩ። መርፌው ገባ። ሐኪሙ ቀስ እያለ ገፋው።

ያ ጥበቃ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። አምስት ይሁን አሥር፣ ለእኔ ዘመን ነው። በመጀመሪያ የእጇ መንቀጥቀጥ ቆመ። ቀጥሎ ትንፋሿ ረጋ። ከዚያ ዓይኗ ተገለጠና ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን።

«ሐዋዬ፣ መጣሽ?» አለች።

አሁንም ልዋሻችሁ አልፈልግም። እናቴ ከሞት ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ የእኔ ስም ባለመሆኑ፣ በዚያች ሰዓት እንኳን ልቤን ቆንጠጥ አደረገኝ። ቅናት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሬሳ ላይም ይቀመጣል። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘውዴ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?»

አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሐኪሙ በኋላ ጠራኝ። ይቆጣኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣኝም። «የሽማግሌ በሽታ አንድ ሆኖ አይመጣም» አለኝ። «ወባውም እውነት ነው፤ ስኳሩም እውነት ነው። ወባው ምግብ አስጠላቸው፣ ኪኒኑን ግን አልተዉም፤ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወረደ። እኔ አገር ሽማግሌ ሲታመም የበኩር ልጁ ይጠየቃል። እዚህ ስመጣ ግን ሌላ ተማርኩ። አብሮ የሚበላውን ነው መጠየቅ ያለብኝ። ልጅ ዓመታቱን ያውቃል፤ አብሮ የሚበላ ሰው ግን ትናንትን ያውቃል።»

ከሐዋ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ዘበኛው እንዳያስገባት ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ገንፎውን ለሌላ ሰው እንደሰጠሁ፣ አልመጣችም ብዬ እንደዋሸሁም ነገርኳት። ይቅርታ ታደርግልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላደረገችም።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አለችኝ ፊት ለፊቷን እያየች። «እኔስ ምንድነው? ውሃ ቀጂ ነው? ሁለት ቀን እንደ ሌባ በር ላይ ቆምኩ።»

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። ያን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች።

«እኔም ይቀናል። እኔ ገንፎ ያመጣል፣ እማማ ዘውዴ ይላል። እኔ እግር ያጥባል፣ እማማ ዘውዴ ይላል። ዘውዴ ታይፕ ይጽፋል፣ ዘውዴ መንግሥት ጋ ነው፣ ዘውዴ ቅዳሜ ይመጣል። ቅዳሜ አንቺ ትቀሪያለሽ፤ እኔ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ እማማ ሲያለቅስ ያያል። ለኔ አንድ ቀን አላለቀሰም።»

አንዲትን አሮጊት መሐል አስቀምጠን ስንት ጊዜ ስንጓተት ኖረናል። እሷ ያላትን እኔ ስመኝ፣ እኔ ያለኝን እሷ ስትመኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ወደ መንደሯ ተመለሰች። ከተማ ትቅር ብዬ አልጎተትኳትም። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀነሰላት፤ አወሳሰዱን ሲያስረዳ ሦስታችንም ፊቱ ተቀምጠን ነበር። እኔ የምሰማውን በወረቀት ጻፍኩ፤ ሐዋ በቃሏ ያዘች። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ የሐዋ ወንድም ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ያመጣል። እኔ ቅዳሜዬን መለስኩ፤ ስኳርና ብስኩቱ ቀርቶ ባቄላና ሽምብራ ተሸክሜ እሄድ ጀመር። የሐዋ ልጆች መጀመሪያ ላይ ቅር አላቸው፤ ለእነሱም ለብቻ ብስኩት ያዝኩ። ሐዋ ለወራት አኩርፋኝ ቆይታ፣ አንድ ቅዳሜ ግን ገንፎውን ስታቀርብ ሦስተኛ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ጠጋ ብላ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። ዓይኗ ደከመ፣ እግሯ ደከመ፤ ሳቋ ግን አልደከመም። ቅናቴስ? ጠፋ ብላችሁ አትመኑኝ። እናቴ «ሐዋዬ» ባለች ቁጥር ትንሽ ይቆነጥጠኝ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ቁንጥጫውን አወቅሁት፤ ሲመጣ ፍቅር ነው ብዬ አላስገባውም።

አሁን እኔም ጸጉሬ ሸብቷል። ልጆቻችሁ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር የሄዱባችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ሄዳችሁ ወላጆቻችሁን መንደር የተዋችሁ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ደግሞ በየእጃችሁ ስልክ አለ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ስትሏት «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» ትላችኋለች። አትመኗት። እናት ስለራሷ ጤና ለልጇ እውነት አትናገርም፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ ልጇን ነው የምትዋሸው። ገንዘብ ስለላካችሁ፣ መድኃኒት ስለገዛችሁ፣ ከሆዷ ስለወጣችሁ ብቻ የምታውቋት አይምሰላችሁ።

ይልቅ ዛሬ ስትደውሉ፣ ምሳ ከማን ጋር እንደበላች ጠይቋት። የአንዲት ሴት ስም ስትነግራችሁ ልባችሁን ቆንጠጥ ያደርጋችሁ ይሆናል። ያድርጋችሁ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ስልኩን ለእሷ ስጪልኝ» በሏት።